ለአሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና የካርቡሬተር ማሻሻያ መምረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

በካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ ፒክአፕ ወይም ቀላል የጭነት መኪና ያለው ሰው፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲደክምበት ወይም ቤንዚን ሲፈጅበት፣ ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ካርቡሬተሩን በትልቅ መለወጥ ነው። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከሚስበው አየር ነውና ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ለዕለት ሥራ የሚነዳ የጭነት መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በደቂቃ ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር እየዞረ፣ ስሮትሉም፣ ማለትም በፔዳሉ የሚታዘዘው የአየር መዝጊያ ሳህን፣ ከግማሽ በታች ተከፍቶ ነው። ማሻሻያው መመረጥ ያለበት ለዚህ ክልል እንጂ አልፎ አልፎ ለሚደረስበት ከፍተኛ ዙር አይደለም። ይህ መመሪያ ምርጫውን በካርቶን ላይ በታተመ ቁጥር ሳይሆን አንድ የቫኪዩም መለኪያ፣ ማለትም የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ፣ በሚያሳየው ንባብ ላይ እያስደገፈ ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል።

ስለ አሠራሩ መታወቅ ያለበት

ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚያወጣው በአየር ፍጥነት ነው። አየሩ በቬንቹሪው፣ ማለትም በጉሮሮው ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በገንዳው፣ ማለትም በካርቡሬተሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ ውስጥ ያለውን ቤንዚን የሚጫነው የውጭ አየር ግፊት ግን እንዳለ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ በጄቱ በኩል ተገፍቶ ወደ ጉሮሮው ይገባል። ጄት የሚባለው የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው፣ መሐሉ የተበሳው ትንሽ የናስ ብሎን ነው። ጉሮሮው በሰፋ ቁጥር በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የግፊቱ ልዩነት ይደክማል፣ ቤንዚኑም እንደ ጉም መበተኑ ይቀርና በጠብታ ይወርዳል። ጠብታው በማኒፎልዱ፣ ማለትም ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን ሲበዛበት ሌላው ያንሰዋል። ከልክ ያለፈ ካርቡሬተር የተገጠመለት መኪና ከቆመበት ሲነሣ የሚያቆራርጠውና ከበፊቱ ይልቅ ቤንዚን የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የድብልቁ ሚዛን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ድብልቁ ወፈር ብሎ ከ12.5 እስከ 13 ለ1 አካባቢ መሆን አለበት፤ ሜዳ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ሲኬድ ደግሞ ወደ 15 ለ1 ቢሳሳ ሞተሩ ይችለዋል። አንድ ቋሚ ጄት ሁለቱን ፍላጎቶች ሊያሟላ ስለማይችል፣ አብዛኞቹ ካርቡሬተሮች ጭነት ሲመጣ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቅ ሌላ መንገድ አላቸው። ያንን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው በአብዛኛው የማኒፎልዱ ቫኪዩም ስለሆነ፣ ቫኪዩሙን ሳይለኩ ካርቡሬተር መምረጥ እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ደረጃ 1፦ ካርቡሬተሩን ከመክሰስ በፊት

በአሮጌ ሞተር ላይ ካርቡሬተሩ ለሌሎች ጥፋት ተጠያቂ ሲሆን ይኖራል። በእኔ ግምት ካርቡሬተራቸው እንዲለወጥ ከሚመጡት መኪኖች ግማሹ ያህል ችግራቸው ማቀጣጠያው ወይም አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ዝቅተኛው ንባብ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ ችግሩ ቫልቭ ወይም ፋሻ ነውና የትኛውም ካርቡሬተር አያድነውም። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ፣ የካንዴላ ሽቦዎቹ፣ ፑንቲናው ወይም የኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያው ይታይ። የብልጭታው ጊዜ በታይሚንግ መብራት ይረጋገጥ፤ የዲስትሪቢውተሩ የቫኪዩም ዲያፍራም አለመቀደዱም በአፍ በመሳብ ይፈተሽ። ዲያፍራሙ የተቀደደ ከሆነ መኪናው በሜዳ ጉዞ ቤንዚን ያባክናል፤ ባለቤቱ ግን ጄቱ ሰፍቶ ነው ብሎ ያስባል።

የአየር ሰርጎ መግባትን ለመለየት ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይነካ፣ እየሠራ የማኒፎልዱን መጋጠሚያ፣ የካርቡሬተሩን ጓርኒሲዮንና የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍ በውኃ ርጭት ማርጠብ ይቻላል፤ ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር እየረጩ መፈለግ የተለመደ ቢሆንም እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አልመክረውም። ያረጀው የስሮትል ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነም ከዚያ በኩል አየር ይገባል፤ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ለማወቅ ይበቃል።

አንድ ቀላል ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ፍተሻ አለ። ሞተሩ እንደጠፋ አንድ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ ሌላው የአየር ፊልትሮውን አንሥቶ በባትሪ መብራት ወደ ጉሮሮው ይመልከት። የስሮትል ሳህኖቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። እኔ ራሴ በአንድ ፒክአፕ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ጄት ስቀያይር ከርሜ በመጨረሻ ስመለከት፣ ከፔዳሉ ሥር የተነጠፈው ወፍራም ምንጣፍና የተለጠጠው ገመድ ተባብረው ሳህኖቹ ከሦስት አራተኛ በላይ እንዳይከፈቱ አድርገው ኖሯል። ምንጣፉን ቆርጬ ገመዱን ስወጥረው የጠፋው ጉልበት ተመለሰ፤ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ንባቦች መውሰድ

መለኪያውን ከስሮትሉ በታች ካለ የማኒፎልድ ቀዳዳ ጋር በረጅም ቱቦ አገናኝቶ ጋቢና ውስጥ በሚታይበት ቦታ ማሰር ያስፈልጋል። ንባቡን የሚጽፈው ጎን የተቀመጠ ሰው ይሁን እንጂ ሾፌሩ አይሁን። መኪናው የተለመደውን ጭነቱን ቢጭን ይመረጣል፤ ባዶውን የተለካ መኪና ስለ ሥራው አይናገርም።

የመጀመሪያው ንባብ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የሚወሰደው ነው። ጤነኛ የሆነና ካምሻፍቱ ያልተለወጠ ሞተር በባሕር ወለል አካባቢ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያው መስፈሪያ) ያሳያል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚወርድ፣ በ1,500 ሜትር ላይ 14 ያሳየ ሞተር ታማሚ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ንባብ ሜዳ ላይ በተለመደው ፍጥነት ሳይፈጥኑ ሳይዘገዩ ሲሄዱ የሚታየው ነው። ሦስተኛው ዋነኛው ነው፦ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉ ተረግጦ፣ ሞተሩ በሥራ ላይ ወደሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ሲቃረብ ያለው ንባብ።

ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መለኪያው ወደ ዜሮ ከቀረበና እስከ 1 ኢንች ብቻ ካሳየ፣ ያለው ካርቡሬተር አየር አልከለከለም ማለት ነው፤ ትልቅ መግጠም ጉልበት አይጨምርም። በዙሩ መጨረሻ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከታየ ካርቡሬተሩ ወይም የአየር ፊልትሮው እያነቀ ነው። ፊልትሮውን ለአንድ አጭር ጉዞ አውጥቶ ንባቡን ማወዳደር ጥፋተኛውን ይለያል። ባለ አንድ አፍ፣ ማለትም አንድ የአየር ጉሮሮ ብቻ ያለው፣ ካርቡሬተር በተገጠመላቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር አሮጌ ሞተሮች ላይ ንባቡ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ይወጣል፤ ማሻሻያ የሚገባውም ለእነሱ ነው።

ደረጃ 3፦ መጠኑን ማስላት

የካርቡሬተር አቅም በደቂቃ በሚያሳልፈው ኪዩቢክ ጫማ አየር ይለካል፤ በተለምዶ ሲኤፍኤም ይባላል። ሞተሩ የሚፈልገውን ለማወቅ የሞተሩን ይዘት በሊትር በከፍተኛው ዙር ማባዛት፣ ለ56.6 ማካፈል፣ ከዚያም በአሞላሉ ብቃት ማባዛት ነው። ያልተነካካ የጭነት መኪና ሞተር ሲሊንደሮቹን የሚሞላው 80 በመቶ ገደማ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

ለምሳሌ የፎርድን ባለ 4.9 ሊትር ቀጥታ ስድስት ሲሊንደር እንውሰድ። በ4,000 ዙር 4.9 በ4,000 ተባዝቶ ለ56.6 ሲካፈል 346 ይሰጣል፤ 80 በመቶው 277 ነው። የሸቭሮሌ ባለ 5.7 ሊትር ቪ-8 ደግሞ በ4,500 ዙር 453 ይወጣዋል፣ 80 በመቶው 362። እነዚህን ቁጥሮች አይቶ 750 የተጻፈበት ካርቡሬተር በሥራ መኪና ላይ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባለ አራት አፍ ካርቡሬተሮች የሚለኩት በ1.5 ኢንች ሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ ባለ ሁለት አፍና ባለ አንድ አፍ የሚለኩት በ3 ኢንች ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለማወዳደር የባለ ሁለት አፉን ቁጥር ለ1.41 ማካፈል ያስፈልጋል። 500 የተባለው ባለ ሁለት አፍ በባለ አራት አፍ ሚዛን 354 ያህል ነው፤ 350 የተባለው ደግሞ 248 ገደማ። ይህን ሳያውቁ ባለ 500 ባለ ሁለት አፍን ከባለ 600 ባለ አራት አፍ ጋር «ትንሽ ነው የሚለያዩት» ብለው የሚመርጡ አሉ።

ደረጃ 4፦ ከአማራጮቹ መምረጥ

ሦስተኛው ንባብ ከ1 ኢንች በታች ከሆነ ትክክለኛው ማሻሻያ የነበረውን ካርቡሬተር በሚገባ ማደስ ነው። ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማጠብ፣ የውስጥ መተላለፊያዎቹን በአየር መንፋት፣ የመርፌ ቫልቩን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ቤንዚን የሚረጨውን የማፍጠኛ ፓምፕ ዲያፍራምና ጓርኒሲዮኖቹን መለወጥ፣ ያረጀ ዘንግ ካለ ቀዳዳውን አስቦርቶ የናስ ቡሽ ማስገባት ይጠይቃል። ለጄት ማጽጃ ሽቦ ወይም መርፌ አይጠቀሙ፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ይህ አማራጭ ለወሬ አይመችም፣ ግን ከሁሉም በላይ ብዙ መኪና ያስተካከለ እሱ ነው።

ሞተሩ ባለ አንድ አፍ ካርቡሬተር ኖሮት መታፈኑ በንባብ ከተረጋገጠ ቀጣዩ እርምጃ ባለ ሁለት አፍ ነው። ይህ ዓይነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁለቱ አፎች አብረው የሚከፈቱበት ነው፤ ሌላው ደግሞ አንዱ ቀድሞ ተከፍቶ ሁለተኛው ፔዳሉ ጠለቅ ሲል የሚከተልበት ነው። ዌበር 32/36 የሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 32 ሚሊ ሜትር የሆነው አፍ ለዕለት ጉዞ፣ 36 የሆነው ለዳገት ይሠራል። እስከ 3 ሊትር ገደማ ላላቸው ሞተሮች ይስማማል፤ ለትልልቅ ስድስት ሲሊንደሮች ግን በከፍተኛ ዙር ያጥራል። ለእነሱ የሞተርክራፍት 2100 ዓይነት ይሻላል፤ ቤንዚኑን የሚያወጣው በቀለበት ዙሪያ በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ በዝቅተኛ የአየር ፍጥነትም አድቅቆ ይበትነዋል። የቬንቹሪው ስፋት በኢንች፣ ለምሳሌ 1.08 ወይም 1.21 ተብሎ በአካሉ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሳይፈታ ሊያውቀው ይችላል።

ለቪ-8 ሞተር ባለ አራት አፍ የሚመረጥ ከሆነ ሁለተኛዎቹ አፎች በቫኪዩም የሚከፈቱበት ይሁን። እንዲህ ያለው ካርቡሬተር ሞተሩ በጠየቀው ልክ ስለሚከፈት፣ 600 የተጻፈበት ቢሆንም ለ362 ብቻ ፍላጎት ላለው ሞተር የሚጎዳ አይሆንም። ሁለተኛዎቹ አፎች ከፔዳሉ ጋር በብረት ዘንግ ተያይዘው የሚከፈቱበትና ሁለት ማፍጠኛ ፓምፕ ያለው ዓይነት ቀላል ክብደት ላለው የውድድር መኪና የተሠራ ነው፤ ጭነት የሚሸከም መኪና ላይ ከተገጠመ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ቤንዚን ሲያፈስ ይውላል። በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ከ1965 ጀምሮ የተገጠመው ኳድራጄት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አፎች በጣም ጠባብ፣ ሁለተኛዎቹ በጣም ሰፊ ናቸው። ስሙን የሚያጠፉት ብዙ ቢሆኑም፣ በሚገባ የታደሰ ኳድራጄት ለሥራ መኪና ከተሠሩት ካርቡሬተሮች ሁሉ ተስማሚው ነው የሚል እምነት አለኝ።

መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ገደላማ መንገድ የሚሄድ ከሆነ የገንዳው አቀማመጥም ይታሰብበት። ገንዳው ከፊትና ከኋላ የሆነ ካርቡሬተር ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ከጄቱ ሊሸሽ ወይም በአየር ማስወጫው ሊፈስ ይችላል። ገንዳው ትንሽና ወደ መሐል የተጠጋ ከሆነ የተሻለ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጄቱንና የጭነት ቫልቩን መወሰን

አዲስ ካርቡሬተር ሲወጣ የተገጠመለት ጄት ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የአየሩ ክብደት ሲቀንስ የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ድብልቁ 10 በመቶ ያህል ይወፍራል። ይህን ለማረም የጄቱ ቀዳዳ ስፋት በ10 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት፤ ቀዳዳው ክብ ስለሆነ በዲያሜትር ሲሰላ 5 በመቶ ነው። በዌበር አቆጣጠር የጄት ቁጥር የመቶኛ ሚሊ ሜትር ነውና 140 ቁጥር ማለት 1.40 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ በ135 መጀመርና 132 ወይም 130 መሞከር ተገቢ ይሆናል። ጄትን በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ቁጥሩን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ከዚያ በኋላ በምን ላይ እንዳሉ አያውቁም።

ጭነት ሲመጣ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቀው የሆሊ ካርቡሬተሮች የጭነት ቫልቭ በላዩ በተቀረጸው ቁጥር ይታወቃል፤ 65 የተጻፈበት ቫኪዩሙ ከ6.5 ኢንች ሲወርድ ይከፈታል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ንባብ ጥቅም ላይ ይውላል። ጭነት የያዘ መኪና ሜዳ ላይ 11 ኢንች ካሳየ 65 ቁጥር ያለ ሥጋት ተዘግቶ ይቆያል። ነገር ግን ከፍታ ቦታ ላይ የተጫነው መኪና በሜዳ ጉዞ 7 ብቻ ካሳየና ቫልቩ 85 ቁጥር ከሆነ፣ ቫልቩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቤንዚን እንደሚያፈስ ግልጽ ነው። ከሜዳው ንባብ 2 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ የሚከፈተውን መምረጥ ጥሩ መነሻ ነው። ቫልቩን አውጥቶ ቀዳዳውን በብሎን መድፈን ቤንዚን ይቆጥባል የሚል ምክር ይሰማል፤ እንዲያ ያደረገ ሰው ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ዋናውን ጄት ማስፋት ይገደዳልና የቆጠበው ነገር የለም።

የኤደልብሮክ ካርቡሬተሮች የጭነት ቫልቩን ሥራ የሚሠሩት በጄቱ ውስጥ ከፍ ዝቅ በሚሉ ቀጫጭን ዘንጎች ነው። ዘንጎቹን የሚያነሡት ስፕሪንጎች እንደ ቀለማቸው ከ3 እስከ 8 ኢንች ባለው ቫኪዩም ይሠራሉ፤ ሁሉንም የካርቡሬተሩን ክዳን ሳይፈቱ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች ብቻ መቀያየር ስለሚቻል ለጀማሪ ይመቻሉ።

የሁለተኛዎቹ አፎች አከፋፈት የሚስተካከለው በዲያፍራሙ ስፕሪንግ ነው፤ በሆሊ ነጩ በጣም የላላው፣ ጥቁሩ በጣም የጠነከረው ነው። ምን ያህል እንደሚከፈቱ ለማወቅ አንድ የወረቀት ክሊፕ በዲያፍራሙ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርገው ከላይ ካለው ቤት ጋር ያስነኩት፤ ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ ክሊፑ ወርዶ የቆመበት ቦታ የአከፋፈቱን መጠን ይነግራል። ክሊፑ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሁለተኛዎቹ አፎች አልተከፈቱም፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ስፕሪንጉ ጠንክሯል ወይም ሞተሩ አላስፈለጉትም ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ አገጣጠም

መሠረቱ ከማኒፎልዱ ጋር ካልገጠመ መሸጋገሪያ ሳህን ያስፈልጋል። ከሳህኑ ከንፈር ወደ መተላለፊያው ገብቶ የሚቆም ጠርዝ ካለ አየሩን ስለሚያዛባ በሞረድ ይለስልስ፤ ጓርኒሲዮኑም ቀዳዳውን የሚሸፍን አይሁን። ቤንዚኑ በገንዳው ውስጥ በሙቀት እንዳይፈላ ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ የፊኖሊክ ማገጃ ማስገባት ርካሽና ጥቅሙ የተረጋገጠ ማሻሻያ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ለመነሣት የሚያስቸግር መኪና በዚህ ብቻ ሊድን ይችላል። ማገጃው ከፍታ ስለሚጨምር ኮፈኑ ከመዘጋቱ በፊት በፊልትሮው ክዳን ላይ ለስላሳ ጭቃ አስቀምጦ መዝጋትና የተረፈውን ክፍተት ማየት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ግፊት በመለኪያ ይረጋገጥ። ዌበር ከ2.5 እስከ 3.5 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ይበቃዋል፤ ኤደልብሮክ ከ6.5 መብለጥ የለበትም፤ ሆሊ ከ5 እስከ 7 ባለው ይሠራል። ለሆሊ የሚበቃ ፓምፕ ዌበር ላይ ሲገጠም መርፌ ቫልቩን ገፍቶ ገንዳውን ያጥለቀልቃል፤ ባለቤቱም አዲሱ ካርቡሬተር ብልሹ ነው ይላል። ስለዚህ የግፊት መቀነሻ ይጨመር።

የስሮትል ገመዱ ሙሉ መክፈቱና ያለ መያያዝ መመለሱ በደረጃ 1 እንደተገለጸው እንደገና ይፈተሽ፤ መመለሻ ስፕሪንጉም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዘጋዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው መኪኖች ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ገመድ ወይም ዘንግ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በጄኔራል ሞተርስ 700አር4 ካምቢዮ ላይ ይህ ገመድ የውስጥ ዘይት ግፊቱን ስለሚያዝ፣ በተሳሳተ ማዕዘን ከታሰረ ካምቢዮው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የማኒፎልድ ቫኪዩም የሚፈልጉት የፍሬን ማጠናከሪያና የክራንክኬዝ ጢስ መመለሻው፣ ከስሮትሉ በላይ ካለው ቀዳዳ የሚወስደው ደግሞ በብዙ ሞተሮች የዲስትሪቢውተሩ ዲያፍራም ነው፤ ሳይፈቱ በፊት የእያንዳንዱን ቱቦ ቦታ በስልክ ፎቶ ማንሣት በኋላ ከሚመጣ ግራ መጋባት ያድናል። የጢስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎችን ማንሣት በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ወይም በዓመታዊ ምርመራ የሚያስጥል ስለሆነ፣ የአካባቢውን ደንብ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ሥራው ሁሉ በቤንዚን ስለሆነ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ የእሳት ማጥፊያም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ የማስተካከል ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። መጀመሪያ በገንዳው ውስጥ ያለው የቤንዚን ልክ በተንሳፋፊው ይስተካከል፤ ልኩ ከፍ ካለ ሁሉም ነገር ይወፍራል፣ ዝቅ ካለ ሁሉም ይሳሳል። ሁለተኛ የስሮትል ሳህኖቹ በሚኒሞ ላይ ያላቸው ክፍተት ይታይ። ካርቡሬተሩን ገልብጠው ሲያዩት ከሳህኑ ጠርዝ አጠገብ ያለው ጠባብ የመሸጋገሪያ ስንጥቅ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊታይ ይገባል። ከዚያ በላይ ከታየ፣ የሚኒሞ ብሎኖቹን የፈለገውን ያህል ቢያዞሩ ሞተሩ አይታዘዝም፤ ፔዳሉ ሲነካም ያስነጥሳል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ታይሚንጉ በመዘግየቱ ምክንያት ሚኒሞው በስሮትሉ ብሎን በግድ ከፍ ሲደረግ ነው።

ከዚያ የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኖቹን በቀስታ እስኪያርፉ አጥብቆ አንድ ዙር ተኩል ማላላት፣ ሞተሩን ማሞቅ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን በካቻቢቴ ሩብ ዙር እየነኩ መለኪያው ከፍተኛ ቫኪዩም የሚያሳይበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ ወይም በሩ በተከፈተ ጋራዥ ይሠራ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ሲያጠብቁት ሞተሩ ካልጠፋ ወይም ካልተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚን ከሌላ ቦታ እየገባ ነው፤ ወደ ስሮትሉ ክፍተት ይመለሱ።

የሜዳ ጉዞው ድብልቅ የሚፈተሸው በዋናው ጄት ሲሆን፣ ከማርሚታው በፊት በጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ በተገጠመ ሰፊ ክልል ኦክሲጅን ሴንሰር ቢለካ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሴንሰር ከሌለ በአዲስ ካንዴላዎች ቢያንስ 15 ኪሎ ሜትር በተረጋጋ ፍጥነት ሄዶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን እዚያው ማጥፋትና ካንዴላውን ማየት ይቻላል። ይህ ሙከራ መኪና በሌለበት ቀጥተኛ መንገድ ላይ ይደረግ፤ ቁልፉ መሪ እስከሚቆልፍበት ቦታ እንዳይዞር፣ የፍሬን ማጠናከሪያውም ሞተሩ ሲጠፋ እንደሚደክም ይታሰብ። ጥቁር ጥላሸት ድብልቁ መወፈሩን፣ ነጭ የጠራ ሸክላ ከመጠን በላይ መሳሳቱን ያሳያል። የዛሬው ቤንዚን ቀለም የሚያሳየው ደብዘዝ አድርጎ ስለሆነ ከአንድ ካንዴላ አይፍረዱ፤ ሁሉንም ደርድረው ያወዳድሩ።

የማፍጠኛ ፓምፑ የመጨረሻው ነው። ፔዳሉ ድንገት ሲረገጥ ሞተሩ ለቅጽበት ባዶ ሆኖ ከዚያ ከተነሣ ወይም በካርቡሬተሩ በኩል ከተኮሰ ቤንዚን አንሶታል፤ በጥቁር ጢስ ታጅቦ ከተንደፋደፈ በዝቶበታል። የሚስተካከለው በመርጫው ቀዳዳና በፓምፑ ዘንግ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይለውጡ።

ከአንድ ሳምንት ጉዞ በኋላ ጓርኒሲዮኑ ስለሚተኛ የካርቡሬተሩ ዳዶዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ይጥበቁ። የጄቶቹ ቁጥር፣ የጭነት ቫልቩ፣ የስፕሪንጉ ቀለም፣ የታይሚንጉ ዲግሪና ሦስቱ የቫኪዩም ንባቦች ከነቀናቸው በአንድ ካርድ ላይ ተጽፈው መኪናው ውስጥ ይቀመጡ፤ ከዓመት በኋላ መኪናው ሲያስቸግር በመጀመሪያ የሚደረገው መለኪያውን መልሶ አስሮ አዲሱን ንባብ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ነው።